ለተለማማጅ ስህተቷን መንገር፦ ለመዝናኛ ሕክምና ሱፐርቫይዘሮች የግብረ መልስ አሰጣጥ መመሪያ

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ አለ። ሳላስቀይማት እንዴት ልንገራት?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ተለማማጆች በሚመደቡበት ሰሞን በስልክ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ በዋሽንግተን ዙሪያ በተሃድሶ ማእከላትና በአረጋውያን የቀን መዋያዎች የሚሠሩ የሀገሬ ልጆች ናቸው። ገሚሶቹ እንደ እኔ በመዝናኛ ሕክምና የተመሰከረላቸው ናቸው፤ የቀሩት ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው፦ የመዝናኛ ሕክምና ማለት ጨዋታን፣ ሙዚቃን፣ አትክልት መኮትኮትን ወይም ምግብ ማብሰልን ታካሚው ያጣውን አቅም መልሶ እንዲያገኝበት በዕቅድ መጠቀም ነው። በአራት ደረጃ ይሄዳል፦ ምዘና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው የዩኒቨርሲቲ መንገድ ሲቲአርኤስ የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ የምትፈልግ ተማሪ፣ ማረጋገጫው ባለው ባለሙያ ሥር ቢያንስ 560 ሰዓት፣ ቢያንስ በ14 ተከታታይ ሳምንታት ውስጥ ትለማመዳለች።

እነዚህን ቁጥሮች ያነሣሁት በምክንያት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ያያችሁትን ስህተት በይሉኝታ በሆዳችሁ ይዛችሁ በሰባተኛው ሳምንት ብትናገሩ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሰላ ተማሪዋ 200 ሰዓት ያንኑ ስህተት ስትለማመድ ቆይታለች ማለት ነው። ከ560ው ከሦስት እጅ አንዱ አለፈ። እኔም አንድ ጊዜ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ እስከ 13ኛው ሳምንት ዝም ብያለሁ። ተማሪዋ የመጨረሻውን ግምገማ አንብባ ቀና አለችና «ይህን መቼ ነው ያዩት?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ በታች «ተማሪዋ» የምለው ለአነጋገር እንዲመቸኝ ነው፤ ወንድም ከሆነ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተርና እስክርቢቶ። ስልክ አይሆንም፤ ስልክ ላይ ስትጽፉ ተማሪዋ መልእክት የምትላላኩ ይመስላታል፣ ታካሚውም እንደዚያው።
- ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት።
- ተማሪዋ ከክፍለ ጊዜው በፊት የጻፈችው የእንቅስቃሴ ዕቅድ ቅጂ።
- የዩኒቨርሲቲው የግምገማ ቅጽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ በመጨረሻ የምትመዘነው በእሱ ነው።
- በር የሚዘጋበት ክፍልና ሁለት ወንበር። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ሳይሆን በጠረጴዛው ማዕዘን ግራና ቀኝ ይሁኑ። ሁለታችሁም አንድ ወረቀት ማየት ትችላላችሁ፤ ፍርድ ቤትም አይመስልም።
- በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይዛወር።
- የሚቆለፍ መሳቢያ።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያው ሳምንት ተስማሙ

ከታካሚ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። መቼ ግብረ መልስ እንደምትሰጡ ንገሯት፦ በየክፍለ ጊዜው ማግሥት ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ለአሥር ደቂቃ። ከዚህ በፊት የተሰጣት እርማት የትኛው እንደጠቀማት፣ የትኛው እንደጎዳት ጠይቁ። ከዚያ አንድ የማቋረጫ ቃል አብጁ። እኛ ጋ «ከዚህ እኔ ልቀጥል» ነው። ይህን ስል ተማሪዋ ያለ ክርክር ትለቅልኛለች፤ ምክንያቱን ከክፍለ ጊዜው በኋላ እነግራታለሁ።

ለምን? አስቀድሞ ያልተስማማችሁበት ጣልቃ መግባት በታካሚዎች ፊት ማዋረድ ሆኖ ይቆጠራል። የተስማማችሁበት ግን የሥራው አካል ነው።

እዚህ ላይ ስለ «እሺ» ላስጠንቅቅ። ሀገር ቤት ተምራ የመጣች ተማሪ ከታላቅ ጋር አትከራከርም፤ የነገራችኋትን ሁሉ «እሺ» ትላለች። ይህ «እሺ» ገባኝ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰማሁ ማለትም ይሆናል፣ አከብርዎታለሁ ማለትም፣ እባክዎ ይብቃን ማለትም። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ደግሞ «አይመስለኝም» ብትል ድፍረት አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የተማረችው እንደዚያ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ በሏት፦ «ካልገባሽ ‹አልገባኝም› ማለት እዚህ ነውር አይደለም። እኔም የገባሽ መሆኑን የማውቀው ‹እሺ› ስላልሽ ሳይሆን መልሰሽ ስትነግሪኝ ነው።»

ደረጃ 2፦ ዕቅዱን አንብቡና የምታዩትን አንድ ነገር ምረጡ

ከክፍለ ጊዜው በፊት ዕቅዷን አንብቡና «ዛሬ በተለይ ምን እንድመለከትልሽ ትፈልጊያለሽ?» በሏት። እናንተም አንድ ጨምሩ። ከሁለት አይበልጥ።

ለምን? ግብ ሳይዙ የሚመለከቱት ክፍለ ጊዜ በሳቅ ብዛት ይመዘናል። ሰዎቹ ከሳቁ ጥሩ ነበር፣ ካልሳቁ መጥፎ ነበር ይባላል። የመዝናኛ ሕክምና ከተራ መዝናኛ የሚለየው ደግሞ በግቡ ነው።

ግቡ የሚቆጠር ካልሆነ ከክፍለ ጊዜው በፊት አስተካክሉት። «የእጅ እንቅስቃሴን ማሻሻል» አይቆጠርም። «በ45 ደቂቃ የቡና ክፍለ ጊዜ፣ ከስድስት ሲኒ አራቱን በቃል ማሳሰቢያ ብቻ በቀኝ እጃቸው ከረከቦቱ ያነሣሉ» ይቆጠራል።

ደረጃ 3፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የፈረዳችሁትን አይደለም

መመሪያውን በሙሉ የተሸከመው ይህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

«ግድየለሽ ናት» ፍርድ ነው። «ኳሱን ልታነሣ ስትሄድ የተሽከርካሪ ወንበሩን ፍሬን አልያዘችም» ያያችሁት ነው። ለመጀመሪያው ተማሪዋ ልትከራከርም ልታለቅስም ትችላለች፤ ሁለተኛውን ግን ነገ ማስተካከል ትችላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ካሜራ ቢኖር ይህን ይቀርጸው ነበር? «ግድየለሽነት» አይቀረጽም። ያልተያዘ ፍሬን ይቀረጻል።

አንድ ክፍለ ጊዜ ላሳያችሁ። ኢትዮጵያውያን አረጋውያን በሚውሉበት ማእከል ተለማማጇ የቡና ሥነ ሥርዓት አዘጋጀች። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ የመጣ ነው፣ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው። ከሰልና ዕጣን የለም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል አለ፣ ኦክስጅን የሚጠቀሙ አባትም አሉ። ይህን ሁሉ ያሰበችው ራሷ ናት። የክፍለ ጊዜው ዋና ታካሚ ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እጃቸው የደከመ እናት ናቸው፤ ግባቸው ከላይ የጻፍኩት የሲኒው ግብ ነው። ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ነበር፦

0 ደቂቃ፦ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራች፣ ጎንበስ ብላ ዐይን ለዐይን ሰላም አለች።
6 ደቂቃ፦ ረከቦቱን ከእናትየዋ በግራ አስቀመጠች።
11 ደቂቃ፦ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጣታቸው ቀስ ብሎ ይከፈታል። 3 ሰከንድ። «አይድከሙ እማማ» ብላ ሲኒውን አነሣችላቸው።
18 ደቂቃ፦ ሁለተኛውን ሲኒ በግራ እጃቸው አነሡ። ቀኝ እጅ ጭን ላይ።
31 ደቂቃ፦ ሁሉም እየሳቁ፣ ሁለቱ እያዜሙ። የቀረቡት ስድስት ሲኒዎች አልቀዋል፤ ቀኝ እጅ ከ6 ዜሮ።

ለተመልካች ይህ የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜ ነው። ልጅቷም የሠራችው እናቷ ያስተማረቻትን ነው፤ ታላቅ ሰው ተቀምጦ ታናሽ ይታዘዛል። ቤት ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን እናትየዋ ለሕክምና የመጡበትን ሥራ ከእጃቸው ላይ ወሰደባቸው። ደብተሩ ላይ «በጣም ታግዛለች» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግብረ መልሱ ስለ ጨዋነቷ ክርክር ይሆን ነበር። «11 ደቂቃ፣ 3 ሰከንድ» ብዬ ስለጻፍኩ ስለ ሰከንድ ተነጋገርን።

መልካሙንም በዚያው መጠን መጻፍ አትርሱ። የ0 ደቂቃው መስመር ለማለስለሻ የገባ አይደለም፤ ያን ያላየች ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ልትተወው ትችላለች።

የታካሚ ስም፣ የክፍል ቁጥር ወይም የልደት ቀን ደብተሩ ላይ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአሜሪካ የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ሂፓ የሚባለው፣ ለማስተማሪያ ማስታወሻ ነው ተብሎ አይላላም። «እናትየዋ» ይበቃል።

ደረጃ 4፦ በዚያው ቀን፣ በር ዘግታችሁ

ዕቃ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ወደ ቤቷ ሳትሄድ ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ኮሪደር ላይ እየሄዱ አይሆንም፤ አንዷ ነርስ ብትሰማ ተማሪዋ የሚታወሳት የነርሷ ፊት እንጂ የተባለችው አይደለም።

ለምን በዚያው ቀን? «11ኛው ደቂቃ ላይ» ስትሉ እሷም ያንን ደቂቃ ማስታወስ አለባት። ከሦስት ቀን በኋላ የእናንተ ትዝታ ከእሷ ትዝታ ጋር ይሟገታል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ታካሚ ወድቆ፣ ተቆጥቶ ወይም አልቅሶ ከሆነ ያን ቀን ደኅንነቱንና መዝገቡን ብቻ ጨርሱ። ግብረ መልሱን ለማግሥቱ ጠዋት አሳድሩት፤ ከዚያ ግን አታሳልፉት።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ እሷ ትናገር

«እንዴት ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ነበር» ትባላላችሁ፣ በሩም ይዘጋል። ወደ ግቡ የሚወስድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እማማ ቀኝ እጃቸውን ስንት ጊዜ ሲጠቀሙ አየሽ?»

ከዚያ ዝም በሉ። በእጅ ሰዓታችሁ አሥር ሰከንድ ቁጠሩ። እጅግ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ በሰባተኛው ሰከንድ አካባቢ «እ… አልተጠቀሙም መሰለኝ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «እኔ ነኝ አይደል የማነሣላቸው?»

ለምን? ራሷ ያገኘችውን ስህተት እናንተ ማስረዳት አይኖርባችሁም፤ የቀረው ማገዝ ነው። ካላገኘችውም አላያችሁም ብላ ትደብቅ እንደሆነ ወይም ጭራሽ አላስተዋለችው እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው የመተማመን፣ ሁለተኛው የመመልከት ችግር ነው፤ መድኃኒታቸው ይለያያል።

ደረጃ 6፦ ያየሁት፣ ያስከተለው፣ የሚቀጥለው

ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ። ለልጅቷ የነገርኳት እንዲህ ነበር፦

«ሲገቡ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርተሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ነው ሰላም ያልሻቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቃል ያልተነፈሱት አባት ዛሬ ቀድመው ወሬ ጀመሩ። ይህን አትተዪው።»

«11ኛው ደቂቃ ላይ እማማ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ሦስት ሰከንድ ጠብቀሽ አነሣሽላቸው። ከዚያ በኋላ ያ እጅ ከጭናቸው አልተነሣም።»

«ሐሙስ ረከቦቱን በቀኛቸው በኩል አድርጊው። እጃቸው ሲዘረጋ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ።»

በመካከል «ግን» አለመኖሩን ልብ በሉ። «ሰላምታሽ ጥሩ ነበር፣ ግን…» ካላችሁ ከ«ግን» በፊት ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ነጥብ አድርጋችሁ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ።

ነቀፋን በሁለት ምስጋና መካከል መሸጎጥ የሚመክሩ አሉ። ክኒን በሙዝ ውስጥ ለልጅ የሰጠ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ልጁ ክኒኑን ይተፋል፣ በሚቀጥለው ሙዝ ሲሰጡት ደግሞ ከፍቶ ያያል። ተማሪዋም እንዲሁ ስታመሰግኗት «አሁን ምን ሊመጣ ነው?» ማለት ትጀምራለች። ምስጋናው እውነት ከሆነ ለብቻው ይቁም።

በአንድ ንግግር የሚታረመው አንድ ነገር ነው፣ ቢበዛ ሁለት። የደኅንነት ጉዳይ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ደረጃ 7፦ እዚያው ትሞክረው

«እስቲ በራስሽ አነጋገር ሐሙስ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ» በሏት። ከዚያ ሲኒ አምጡ። እናንተ ታካሚ ሁኑ፤ ቀኝ እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ሲኒው ጋ ሳትደርሱ አቁሙ። እሷ ትጠብቅ።

ልጅቷ በመጀመሪያው ሙከራ በአራተኛው ሰከንድ እጇ ተነሣ። ሳቀች። በሁለተኛው ሁለት እጇን ከኋላዋ ቆለፈች፤ ይህ ዘዴ የእኔ ምክር አልነበረም፣ አሁን ለሌሎች ተማሪዎች የምነግረው ነው።

በዚህ ጊዜ የእርዳታ መሰላሉንም አብራችሁ ተለማመዱ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው የሚወጣው፦ መጀመሪያ መጠበቅ፣ ቀጥሎ በቃል ማሳሰብ («ሲኒው በቀኝዎ ነው»)፣ ቀጥሎ በጣት ማመልከት ወይም ማሳየት፣ በመጨረሻ እጅን ይዞ መርዳት። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

ለምን ልምምድ? መስማትና እጅን መግታት የተለያዩ ናቸው። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከአሥሩ ደቂቃ ይህን አትቀንሱ።

ደረጃ 8፦ ጻፉት፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ተመልከቱ

ከንግግሩ በኋላ ሦስት መስመር ጻፉ፦ የታየው፣ የተስማማንበት፣ እንደገና የሚታይበት ቀን። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ለእሷ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ። በቀጠሮው ቀን ያንኑ ነገር ተመልከቱና ከተስተካከለ በቃላችሁ ንገሯት። ብዙ ሱፐርቫይዘር ስህተቱን ይናገርና መታረሙን አይናገርም፤ ተማሪዋ ጉዳዩ ይዘጋ አይዘጋ ሳታውቅ ትቀራለች።

ደረጃ 9፦ የጽሑፍ ሥራዋን ስታርሙ

በታካሚው መዝገብ ላይ የሚገባው ማስታወሻ ራሱን የቻለ ግብረ መልስ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች «ታካሚዋ በደስታ ተሳትፈዋል» ብለው ይጽፋሉ። ይህን አንብቦ ሐኪሙም ሆነ የመድን ድርጅቱ ምንም አያውቅም።

እናንተ አትጻፉላት። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አስምሩና «ስንት ጊዜ?» «በምን ያህል እርዳታ?» ብላችሁ መልሱላት። የእርዳታው መጠን በተሃድሶ ቤቶች የተለመደ ልክ አለው፦ ታካሚው ከሥራው 75 በመቶና ከዚያ በላይ ራሱ ከሠራ አነስተኛ እርዳታ፣ ከ50 እስከ 74 ከሠራ መካከለኛ፣ ከ25 እስከ 49 ከሠራ ከፍተኛ ይባላል። ይህን ካወቀች «ትንሽ ረዳኋቸው» አትጽፍም።

ማስታወሻው ሳይስተካከል አትፈርሙበት። ከፈረማችሁበት የእናንተ ነው።

ደረጃ 10፦ የአጋማሽ ግምገማ

በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ተማሪዋ ቅጹን ለብቻዋ ትሙላ፣ እናንተም ለብቻችሁ ሙሉ፣ ከዚያ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የተለያያችሁበትን ብቻ ተወያዩ። እዚህ ቅጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ነገር መኖር የለበትም። ካለ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ በሳምንታዊው ሰዓት መነገር ነበረበት።

የማለፏ ነገር የሚያሰጋ ከሆነ አጋማሹን አትጠብቁ። የዩኒቨርሲቲውን አስተባባሪ ጥሩና ምን በስንት ሳምንት መስተካከል እንዳለበት በጽሑፍ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያዎች

ደኅንነት አሥር ደቂቃ አይጠብቅም። የመዋጥ ችግር ስላለባቸው ፈሳሻቸው እንዲወፍር የታዘዘላቸው ታካሚ ስስ ቡና ሲቀርብላቸው ካያችሁ፣ ያኔውኑ «ከዚህ እኔ ልቀጥል» ብላችሁ ሲኒውን ውሰዱ። ቡናው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። የትኩስ ጀበና፣ የፍሬን፣ የመውደቅ አደጋም እንዲሁ ነው።

በታካሚዎች ፊት በአማርኛ አታርሟት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ታካሚ ቃሉን ባይሰማ ፊታችሁን ያነብባል፣ ስለ እሱ የምታወሩም ይመስለዋል። አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን መካከል ሆናችሁ በእንግሊዝኛ መንሾካሾክም ያው ነው።

ግብረ መልስ በቴሌግራም ወይም በጽሑፍ መልእክት አይላክም። የታካሚ ነገር ይቀላቀልበታል፤ ድምፃችሁም ስለማይሰማ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ቁጣ ሆና ትነበባለች።

የግል ችግሯን ብትነግራችሁ አድምጡ፤ አማካሪዋ ግን አትሁኑ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ የመደበው ሰው አለ፤ ወደዚያ ምሯት።

የተለመዱ ስህተቶች

*በሰው መላክ።* «እስቲ አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች።» መልእክቱ ሲደርስ ተጣሞ ይደርሳል፣ ተማሪዋም ከኋላዋ ስንት ሰው እንዳወራ መቁጠር ትጀምራለች።

*አሽሙር።* በቡድን ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ፍሬን መያዝ ይረሳሉ» ማለት። የተነገረላት ላይገባት ይችላል፣ ያልተነገረላቸው ሁሉ ግን ይሸማቀቃሉ።

*ማወዳደር።* «ያለፈው ዓመት ተማሪ እንዲህ አልነበረችም።» ያለፈውን ዓመት ተማሪ አታውቃትም፤ የምታውቀው የእናንተን ቅሬታ ነው።

*ማጠራቀም።* ስምንት ነገር በአንድ ዓርብ። ከስምንቱ የምትይዘው የመጨረሻውን ወይም ያሳመማትን ነው።

*ቀምቶ መሥራት።* ተማሪዋ ስትንተባተብ ክፍለ ጊዜውን ነጥቆ መምራት። በቡናው ላይ ልጅቷ ለእናትየዋ ያደረገችውን ነው እናንተ ለእሷ የምታደርጉት። አደጋ ከሌለ እስከ አሥር ቁጠሩ።

*ስታለቅስ መመለስ።* እንባ ሲመጣ ብዙዎቻችን «ተይው፣ ያን ያህል እንኳ አይደለም» እንላለን። እንዲህ ካላችሁ የነገራችኋት እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። ውኃና መሐረብ ስጧት፣ ዝም በሉ፣ ሲረጋጋላት «አሁን እንቀጥል ወይስ ነገ ጠዋት?» በሉ። ቀኑን እሷ ትምረጥ፤ ጉዳዩ ግን አይሰረዝ።

*ስለ ራስ አለመጠየቅ።* «ከእኔ ምን እንዲቀየር ትፈልጊያለሽ?» ብትሉ «ምንም» ትባላላችሁ። ምርጫ ያለው ጥያቄ ይሻላል፦ «የምነግርሽ ይበዛል ወይስ ያንሳል?» «እየተመለከትኩሽ ስጽፍ ጎንሽ ልሁን ወይስ ራቅ ልበል?» ያቺ ልጅ ራቅ እንድል ፈልጋ ነበር፤ አራት ሳምንት ሙሉ ትከሻዋ ሥር ቆሜ ነበር የምጽፈው።

የተሞላ ናሙና

በደረጃ 8 ያልኩት ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ ለሚጠይቁኝ፣ የቡናው ሳምንት ወረቀት ይኸው፦

የታየው፦ ታካሚዋ ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ተማሪዋ በ3 ሰከንድ አነሣችላቸው። ረከቦቱ በግራ ነበር። ቀኝ እጅ ከ6 ዜሮ።
የተስማማንበት፦ ረከቦቱ በቀኝ። እስከ 10 መቁጠር። ቀጥሎ የቃል ማሳሰቢያ። እጅ መያዝ በመጨረሻ ብቻ።
የሚታይበት ቀን፦ ሐሙስ፣ የቡና ክፍለ ጊዜ።
የሐሙስ ውጤት፦ ረከቦቱ በቀኝ ተቀመጠ። ተማሪዋ በአምስቱ ጠበቀች፣ በአንዱ በ6 ሰከንድ ረዳች። ቀኝ እጅ ከ6 ሦስት፣ ሁለቱ በቃል ማሳሰቢያ፣ አንዱ ያለ ምንም እርዳታ። ተነግሯታል።
ቀጣይ፦ አንድ ሲኒ ወድቆ ተሰብሯል። የማይሰበር ሲኒ እስከ ማክሰኞ ይገዛ።